አክታ፣ ራጅና የስድስት ወር መድኃኒት፦ በሐኪም ቤት ስለሚነገሩ ቃላት

(የመግቢያ ዜማ፤ ቀስ እያለ ይወርዳል)

 

በዛሬው ዝግጅታችን የምንነጋገረው፣ ማንም ሰው በራሱ ወይም በቤተ ሰቡ ላይ ደርሶ አንድ ቀን መስማቱ ስለማይቀር፣ በሐኪም ቤት ውስጥ ስለሚነገሩ ቃላት ነው። «አክታ ስጡ፤» «ራጅ ተነሡ፤» «ውጤቱ ኔጌቲቭ ነው፤» «መድኃኒቱ ስድስት ወር ይወሰዳል» ሲባል፣ አብዛኛው ሕመምተኛ አክብሮት ይዞት ወይም ከኋላው የቆመው ሰልፍ አስጨንቆት «እሺ ዶክተር» ብሎ ይወጣል፤ ከወጣም በኋላ በበሩ ላይ ያገኘውን ዘበኛ ወይም እንደ እርሱ ወረፋ የሚጠብቀውን ሕመምተኛ «ምን ማለታቸው ነው?» ብሎ ይጠይቃል።

ይህ ነገር እጅግ ያሳስበኛል። ሐኪሙ መርምሮ መድኃኒት ካዘዘ በኋላ የሚቀረው ሥራ ሁሉ፣ ኪኒኑን በየጧቱ መዋጥ፣ ናሙናውን በደንብ መስጠት፣ በቀጠሮው ቀን መመለስ፣ በሕመምተኛው እጅ የሚፈጸም ነውና፣ ሕመምተኛው ያልገባውን ነገር እንዴት አድርጎ ሊፈጽመው ይችላል?

ነገሩን በአየር ላይ እንዳንተወው አንድ በሽታ እንምረጥ። የመረጥነው የሳንባ ነቀርሳ፣ በብዙው ሰው አፍ ቲቢ የሚባለው ነው። የመረጥንበትም ምክንያት፣ ይህን በሽታ ለማግኘትና ለማዳን የላቦራቶሪውም፣ የራጁም፣ የመድኃኒት ቤቱም ጥበብ አንድ ላይ ስለሚሠለፉ፣ በእርሱ በኩል የተማርነው ቃል ለሌላውም ሕመም ስለሚያገለግለን ነው።

(አጭር ዜማ)

እንበልና፣ አድማጮቼ፣ አንዲት እናት ሦስት ሳምንት ሙሉ ስትስል ቆይታ ወደ ጤና ጣቢያ መጣች። ጎረቤቶቿ «ብርድ ነው የመታሽ» ብለዋት ዝንጅብልና ጤና አዳም ስትጠጣ ሰንብታለች። ካርድ አውጥታ፣ ወረፋዋ ደርሶ ከሐኪሙ ፊት ተቀመጠች።

እዚህ ላይ የመጀመሪያውን ነገር እንያዝ፦ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል ምርመራ ያስፈልገዋል። እደግመዋለሁ፤ ሁለት ሳምንት። ሦስት ወር አይደለም፤ ደም እስኪተፋም አይደለም።

ሐኪሙ ይጠይቃታል። መቼ ጀመረሽ? አክታ አለው? ሌሊት ልብስሽን እስኪያርስ ያልብሻል? ክብደትሽ ቀንሷል? በቤትሽ እንደ አንቺ የሚያስለው ሰው አለ? ይህን ጥያቄና መልስ ሐኪሞች የበሽታው ታሪክ ይሉታል፤ አንዳንድ ሰው ግን «ምነው መሣሪያ ሳያደርግብኝ ወሬ ብቻ ያወራኛል?» እያለ ያጉረመርማል። እንዲህ የሚል ሰው ተሳስቷል፤ ምክንያቱም ከምርመራ ሁሉ በፊት የሚመጣው፣ ሌሎቹም ምርመራዎች ወዴት እንደሚሄዱ የሚመራው ይኸው ታሪክ ነው። ስለዚህ እናቲቱ «ባለቤቴም ባለፈው ዓመት ይህንኑ መድኃኒት ወስዶ ነበር» የሚለውን ቃል አፍራ ብትደብቀው፣ ሐኪሙ በጨለማ እንዲሄድ ታደርገዋለች።

ሕመምተኛ የሚሰማውና የሚናገረው፣ ለምሳሌ ድካም፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ የደረት ውጋት፣ የሕመም ስሜት ይባላል። ሐኪሙ በዐይኑ የሚያየው፣ በእጁ የሚዳስሰው፣ በጆሮው የሚሰማው ደግሞ የሕመም ምልክት ይባላል። ሁለቱ የግድ አይገጥሙም፤ ደህና ነኝ በሚል ሰው ላይ ምልክት ሊገኝ፣ እየተሠቃየ ባለው ላይም ምንም ምልክት ሊታጣ ይችላል።

ሐኪሙ በጆሮው የሚሰማበት ያ በአንገቱ ዙሪያ የሚያንጠለጥለው ማዳመጫ የራሱ ታሪክ አለው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1816 ዓ.ም. በፓሪስ ከተማ ላኤኔክ የሚባል ሐኪም አንዲት ወጣት ሴት ልትታከም በመጣች ጊዜ፣ ጆሮውን በደረቷ ላይ መለጠፍ ከጨዋነት ውጭ ሆኖ ስለታየው፣ ወረቀት እንደ ቱቦ ጠቅልሎ በአንደኛው ጫፍ ደረቷን፣ በሌላው ጫፍ ጆሮውን አስነክቶ ቢያዳምጥ፣ የልቧ ትርታ ከጠበቀው ይልቅ ጎልቶ ተሰማው። ይህ ሰው በዚሁ መሣሪያ የብዙ ነቀርሳ ሕሙማንን ሳንባ ሲያዳምጥ ኖሮ፣ እርሱም ራሱ በ1826 ዓ.ም. በዚያው በሽታ ዐረፈ።

(ለአፍታ ጸጥታ)

እንግዲህ ሐኪሙ አዳመጠ፤ በወረቀቱም ላይ «ቲቢ ሊሆን ይችላል» ብሎ ጻፈ። እናቲቱ ይህን ብታነብ ልቧ ይደነግጣል። ነገር ግን መጠርጠርና ማረጋገጥ የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ በሐኪም ወረቀት ላይ የተጻፈ ጥርጣሬ ወደ ቀጣዩ ምርመራ የሚያሸጋግር በር እንጂ ፍርድ አይደለም። ስለዚህ ወረቀት በተሰጣችሁ ጊዜ «ተረጋግጧል ወይስ ገና ተጠርጥሯል?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህን መጠየቅ ድፍረት አይደለም።

የሚቀጥለው ትእዛዝ «ላቦራቶሪ ሂጂና አክታ ስጪ» የሚል ነው። በዚህ ላይ ጥቂት መቆየት እፈልጋለሁ፤ ከምርመራዎች ሁሉ ተራ መስሎ የሚታየው ይህ ስለሆነ፣ ብዙ ጊዜም የሚበላሸው በዚሁ ነውና።

አክታ ምንድን ነው? ምራቅ ነውን? አይደለም። ምራቅ ከአፍ የሚወጣ ነው፤ አክታ ግን ከሳንባ ጥልቀት በሳል ኃይል ተገፍቶ የሚመጣ ወፍራም ፈሳሽ ነው። ምራቅ የሞላበት ዕቃ ወደ ላቦራቶሪ ቢገባ፣ ተሕዋሱ በሳንባ ውስጥ እያለ ውጤቱ የለም ተብሎ ሊወጣ ይችላል። አክታ እንጂ ምራቅ አይደለም፤ ይህን ያዙልኝ።

ስለዚህ እናቲቱ ክዳን ያላት ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ይዛ ከሰው ራቅ ብላ፣ ነፋስ በሚነፍስበት ውጭ ቆማ፣ አስቀድማ አፏን በውሃ ትጉመጠመጣለች፤ ሁለት ጊዜ በረጅሙ ተንፍሳ፣ ሦስተኛውን ትንፋሽ ከያዘች በኋላ ከሆዷ ታስላለች፤ የወጣውን በቀጥታ በዕቃው ውስጥ አኑራ፣ ክዳኑን አጥብቃ፣ ስሟ የተጻፈው በዕቃው ጎን ላይ መሆኑን ታያለች። ሁለተኛ ናሙና ከተጠየቀች፣ በማግሥቱ ማለዳ ከመኝታዋ እንደተነሣች፣ ቁርስ ሳትቀምስ ታወጣለች፤ ሌሊቱን በሳንባ ውስጥ ሲጠራቀም ያደረው አክታ ተሕዋሱ የሚበዛበት ነውና።

(አጭር ዜማ)

አሁን ዕቃዋን ተከትለን ወደ ላቦራቶሪው እንግባ። በውስጡ የሚፈለገው ተሕዋስ በዐይን የማይታይ፣ ቀጭን በትር የመሰለ ፍጡር ነው። መኖሩን ለዓለም ያስታወቀው ጀርመናዊው ሐኪም ሮበርት ኮኽ ሲሆን፣ ይህንንም ያደረገው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መጋቢት 24 ቀን 1882 ዓ.ም. በበርሊን ከተማ በሊቃውንት ጉባኤ ፊት ነው። የዓለም የቲቢ ቀን እስከ ዛሬ በዚሁ ዕለት ይታሰባል።

የላቦራቶሪ ባለሙያው አክታውን በመስተዋት ላይ ስስ አድርጎ ቀብቶ ያደርቀዋል፤ ቀይ ቀለም ያፈስበትና ከታች በእሳት ያሞቀዋል፤ ቀጥሎ አሲድና አልኮል ያፈስበታል። ሌላው ሁሉ ቀለሙን ይለቅቃል፤ የነቀርሳው ተሕዋስ ግን ቆዳው በሰም መሰል ቅባት የተሸፈነ ስለሆነ፣ የጥሩ ሸማኔ ጥለት በስንት እጥበት ቀለሙን እንደማይለቅ፣ እርሱም የጠጣውን ቀይ ቀለም ይዞ ይቀራል። በመጨረሻ ሰማያዊ ቀለም ይጨመርና፣ ባለሙያው በማይክሮስኮፕ ሲመለከት፣ በሰማያዊው ሜዳ ላይ ቀያይ ሰበዞች ይታዩታል። አንዱን መስተዋት በሚገባ ለማየት በርካታ ደቂቃ አንገትን ደፍቶ መቀመጥን ይጠይቃል፤ እነዚህ ባለሙያዎች ከሐኪሙ ያነሰ ምስጋና የሚያገኙ መሆናቸው ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

ቀያይ ሰበዞቹ ከታዩ ውጤቱ «ፖዘቲቭ» ይባላል። ካልታዩ «ኔጌቲቭ» ይባላል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ፖዘቲቭ ማለት መልካም ማለት ነውን? አይደለም። የሚፈለገው ነገር ተገኘ ማለት ነው። ኔጌቲቭ ማለትስ ፈጽሞ ጤነኛ ነህ ማለት ነውን? ይህም አይደለም። በዚህ ናሙና፣ በዚህ ዘዴ፣ የሚፈለገው ነገር አልታየም ማለት ነው።

ለምን አልታየም? ምናልባት በእውነት ስለሌለ ይሆናል። ምናልባትም ቁጥሩ ስላነሰ ይሆናል፤ በማይክሮስኮፕ እንዲታይ በአንድ ሚሊ ሊትር አክታ ውስጥ እስከ 10,000 የሚደርስ ተሕዋስ መኖር ያስፈልጋልና። ኤችአይቪ በደማቸው ያለባቸው ሰዎችና ሕፃናት ብዙ ጊዜ በአክታቸው ጥቂት ተሕዋስ ብቻ ስለሚገኝ፣ በሽታው እያለባቸው ውጤታቸው ኔጌቲቭ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ውጤትሽ ኔጌቲቭ ነው የተባለችው እናት ሳሉ ካልተዋት፣ ተመልሳ ልትመጣ ይገባል።

ይህን ጉድለት ለመሙላት ጂን ኤክስፐርት የሚባል መሣሪያ በብዙ ሐኪም ቤቶች ገብቷል። ይህ መሣሪያ የተሕዋሱን አካል አያይም፤ በውስጡ ያለውን የዘር ጽሕፈት ፈልጎ ያበዛዋል። ሁለት ሰዓት ባልሞላ ጊዜም ሁለት ነገር ይናገራል፦ ተሕዋሱ አለ ወይስ የለም? ካለስ፣ ሪፋምፒሲን የተባለው ዋና መድኃኒት ይገድለዋል ወይስ አይገድለውም? ይህ ሁለተኛው መልስ፣ ወደ ፊት እንደምናየው፣ የሕክምናውን መንገድ ሁሉ የሚለውጥ ነው።

«ካልቸር» የሚል ቃልም ልትሰሙ ትችላላችሁ። ተሕዋሱን በላቦራቶሪ መግቦ ማሳደግ ማለት ነው። የነቀርሳ ተሕዋስ እጅግ ዘገምተኛ ስለሆነ፣ ውጤቱ እስከ ስምንት ሳምንት ሊቆይ ይችላል፤ ውጤቴ ጠፋ ብላችሁ አትቈጡ።

(ዜማ ከፍ ብሎ ይወርዳል)

ከላቦራቶሪው ወጥተን ወደ ራጅ ክፍል እንሂድ።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በኅዳር 8 ቀን 1895 ዓ.ም. በጀርመን አገር፣ በቩርዝቡርግ ከተማ፣ ሮንትገን የተባለ የፊዚክስ መምህር በጨለማ ክፍል ሲሠራ፣ ከመሣሪያው የሚወጣ የማይታይ ጨረር ከወፍራም ወረቀት አልፎ ራቅ ብሎ የነበረውን ሰሌዳ ሲያበራው አየ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የሚስቱን እጅ በዚህ ጨረር ፎቶግራፍ ቢያነሣ፣ የጣቶቿ አጥንትና የቀለበቷ ጥላ ተለይቶ ታየ። በ1901 ዓ.ም. የመጀመሪያውን የኖቤል የፊዚክስ ሽልማት የተቀበለው ይኸው ሰው ነው።

የራጅ ሥዕል እንዴት ይነበባል? ጨረሩ በሰውነታችን ውስጥ ሲያልፍ፣ አጥንት አብዛኛውን ስለሚያስቀረው በሥዕሉ ላይ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ አየር ግን ስለማያግደው ጥቁር ይሆናል። ሳንባ በአየር የተሞላ ስለሆነ ጤነኛው ሳንባ ጠቆር ብሎ ይታያል። በዚያ ጥቁር ላይ፣ በተለይም በሳንባው የላይኛው ክፍል፣ ነጣ ያለ ደመና ወይም ባዶ ጉድጓድ ሲታይ፣ ሐኪሙ ነቀርሳን ይጠረጥራል።

«ትንፋሽሽን ሳቢ፣ ያዢ፣ አትተንፍሺ» የሚባለው፣ አየሩ ሳንባውን ሞልቶት ሥዕሉ እንዲጠራ፣ ደረቱም ሲንቀሳቀስ እንዳይደበዝዝ ነው። የአንገት ሐብልና ማተብ ላይ ያለ የብር መስቀልም የሚወልቀው በሥዕሉ ላይ ጥላውን እንዳይጥል ነው።

ጨረሩ አይጎዳም ወይ? ይህ የሚጠየቅ ጥያቄ ነው። አንድ የደረት ራጅ የሚሰጠን ጨረር፣ ከምድርና ከሰማይ በተፈጥሮ በአሥር ቀን ያህል ጊዜ ውስጥ ከምናገኘው ጋር የሚተካከል ነው። ጥቂት ነው፤ ቢሆንም ያለ ምክንያት አይደጋገምም፤ ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም ሳልሆን አልቀርም የምትል ሴት ደግሞ ገና ሳትገባ ለባለሙያው መናገር አለባት።

አሁን ደግሞ ራጅ የማይችለውን ልናገር። ራጅ ጥላን ያሳያል እንጂ የጥላውን ባለቤት ስም አይናገርም። ያ ነጭ ደመና ነቀርሳ ሊሆን ይችላል፤ የሳንባ ምች ሊሆን ይችላል፤ ካንሰር ሊሆን ይችላል፤ ከብዙ ዓመት በፊት የዳነ በሽታ ጠባሳም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ራጅ ከተነሣችሁ በኋላ «አክታም ስጡ» ብትባሉ፣ ገንዘባችሁን ለመብላት የተፈጠረ ነገር አይምሰላችሁ። አክታው ስሙን፣ ራጁ ቦታውን ይናገራሉ።

ሌሎቹን የሥዕል ምርመራዎች ባጭሩ ልለፋቸው። አልትራሳውንድ በድምፅ ሞገድ የሚሠራ ስለሆነ ጨረር የለበትም፤ በሳንባ ዙሪያ ውሃ መቋጠሩን ያሳያል። ሲቲ ስካን ራጁ በሰውነት ዙሪያ እየዞረ፣ ኮምፒዩተር የሚያቀናብረው ሥዕል ነው። ኤም አር አይ ደግሞ በጽኑ ማግኔት የሚሠራ ነውና፣ በሰውነቱ ውስጥ ብረት የተቀበረለት ወይም የልብ ምት መቆጣጠሪያ የተገጠመለት ሰው አስቀድሞ ሊናገር ይገባዋል።

(አጭር ዜማ)

እናታችን ውጤቷ ፖዘቲቭ ሆነ እንበል። ሐኪሙ «መድኃኒቱ ስድስት ወር ነው» አላት። ስድስት ወር! አንዳንዱ የወባ መድኃኒት በሦስት ቀን ያልቃል፤ የጉሮሮ ሕመም መድኃኒትም ቢበዛ በአሥር ቀን ያልቃል። ይህ ለምን ስድስት ወር ሆነ?

መልሱ በተሕዋሱ ጠባይ ላይ ነው። ፈጣኖቹ ባክቴሪያዎች በሃያ ደቂቃ ውስጥ አንዱ ሁለት ሲሆን፣ የነቀርሳው ተሕዋስ ግን ለዚሁ ሥራ ከአሥራ አምስት እስከ ሃያ ሰዓት ይፈጅበታል፤ ከፊሉም ፈጽሞ ሳይባዛ እንደ ተኛ ሆኖ ይቀመጣል። መድኃኒቶቹ በብርታት የሚገድሉት በሥራ ላይ ያለውን ነው። የተኛው እስኪነቃና ተራው እስኪደርስ ድረስ መድኃኒቱ በደም ውስጥ ሊጠብቀው ይገባል።

ለምንስ አራት ዓይነት መድኃኒት? ይህን የሰው ልጅ በመከራ ነው የተማረው። ስትሬፕቶማይሲን የተባለው መርፌ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1943 ዓ.ም. በአሜሪካ በተገኘ ጊዜ ተስፋው ታላቅ ነበር፤ ነገር ግን በ1948 ዓ.ም. እንግሊዛውያን ያሳተሙት ጥናት፣ ሕሙማኑ መጀመሪያ ሲሻላቸው፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ግን በብዙዎቹ ላይ ተሕዋሱ መድኃኒቱን ተላምዶ መገኘቱን አሳየ። ከብዙ ሚሊዮን ተሕዋስ መካከል አንድን መድኃኒት የሚቋቋሙ ጥቂቶች በተፈጥሮ አይጠፉም፤ አንዱን መድኃኒት ብቻ ብትሰጠው ሌላው ይሞትና እነዚያ ጥቂቶች አገሩን ይወርሱታል። አንዱን የተቋቋመውን ሌላው መድኃኒት እንዲገድለው፣ መድኃኒቶቹ አንድ ላይ መሰጠት አለባቸው።

ሌላም ታላቅ ትምህርት በዚሁ አቆጣጠር በ1959 ዓ.ም. ከሕንድ አገር፣ ከማድራስ ከተማ መጣ። እስከዚያ ድረስ የነቀርሳ ሕመምተኛ ከቤተ ሰቡ ተለይቶ በልዩ ሐኪም ቤት መተኛት አለበት ይባል ነበር፤ የማድራሱ ጥናት ግን መድኃኒቱን በትክክል እስከ ወሰደ ድረስ፣ በድሀ ቤት ውስጥ ሆኖ የታከመው ሰው ተኝቶ ከታከመው እኩል እንደሚድን፣ ቤተ ሰቡንም ይበልጥ እንደማይበክል አስረዳ። ከዚያ በኋላ በምሥራቅ አፍሪካ አገሮች የተደረጉት ጥናቶች ዓመት ተኩል ይፈጅ የነበረውን ሕክምና ወደ ስድስት ወር ለማሳጠር መንገድ ከፍተዋል።

ስለዚህ፣ አድማጮቼ፣ የነቀርሳ ሕመምተኛን ከማዕድ መለየት፣ ሳሕንና ብርጭቆውን ለብቻ ማድረግ፣ ምንም ጥቅም የሌለው ግፍ ነው። በሽታው የሚተላለፈው በትንፋሽና በሳል፣ በታፈነ አየር ውስጥ እንጂ ከአንድ ትሪ አብሮ በመብላት አይደለም። መስኮት ክፈቱ፤ ስታስሉ አፋችሁን ሸፍኑ፤ በትክክለኛው መድኃኒት ጥቂት ሳምንት የቆየ ሰው የማስተላለፍ ኃይሉ እጅግ ይቀንሳል።

(ለአፍታ ጸጥታ)

እናቲቱ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት አራት መድኃኒት፣ በቀሩት አራት ወራት ሁለት መድኃኒት ትወስዳለች። አራቱ ሪፋምፒሲን፣ አይሶናያዚድ፣ ፒራዚናማይድና ኢታምቡቶል ይባላሉ፤ ዛሬ ዛሬ አራቱም በአንድ ኪኒን ውስጥ ተቀላቅለው ይመጣሉ፤ በቀን ስንት ኪኒን እንደሚዋጥ የሚወሰነውም በሰውዬው ክብደት ነው። ስለዚህ ለጎረቤት ሦስት የታዘዘው ለእናንተ አራት ቢሆን አትደነቁ፤ መድኃኒትም አትበዳደሩ።

በመጀመሪያው ሳምንት እናቲቱ ወደ ሽንት ቤት ገብታ ሽንቷ እንደ ብርቱካን ቀልቶ ብታይ ትጮህ ይሆናል። ደም ነውን? አይደለም። የሪፋምፒሲን ቀለም ነው፤ እንባንና ላብንም ሳይቀር ያቀላል፤ አይጎዳም። ይህን አንድ ዐረፍተ ነገር ማንም ሳይነግረው ደንግጦ መድኃኒቱን የሚጥል ሰው አለ፤ አንድ ዐረፍተ ነገር ያተርፈው የነበረ ሰው!

የጎንዮሽ ጉዳት ሲባል፣ መድኃኒቱ ከሚፈለግበት ሥራ ጎን የሚያደርሰው ሌላ ነገር ማለት ነው። ከፊሉ ቀላል ነው፤ ከፊሉ ግን በዚያው ቀን ወደ ሐኪም የሚያስሮጥ ነው። የዐይን ነጭ ክፍል ቢጫ ከሆነ፣ ትውከቱ ካልቆመ፣ ጉበት ሊሆን ይችላልና ሂዱ። ዐይን ከደበዘዘ፣ ቀዩንና አረንጓዴውን መለየት ካስቸገረ፣ ኢታምቡቶል ሊሆን ይችላልና ሂዱ። እጅና እግር መደንዘዝና ማቃጠል ከአይሶናያዚድ ሊመጣ ስለሚችል፣ ሐኪሙ ቢ 6 የተባለውን ቫይታሚን ይጨምራል። ሪፋምፒሲን ደግሞ የሌሎችን መድኃኒቶች ኃይል ያደክማል፤ የወሊድ መከላከያ ኪኒን የምትወስድ ወይም በክንዷ የተቀበረላት ሴት፣ የኤችአይቪ መድኃኒትም የሚወስድ ሰው፣ አስቀድሞ መናገር አለበት።

ስለ ጾምም እንናገር። መድኃኒቱ በባዶ ሆድ፣ ከምግብ አንድ ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ቢወሰድ ይመረጣል። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ የማይቀምስ ምእመን፣ ወይም በረመዳን የሚጾም ሙስሊም፣ ምን ያድርግ? ሁለቱም ሃይማኖቶች ለሕሙማን ይራራሉ። ወደ ንስሐ አባታችሁ ሂዱ፤ ሸኹን ጠይቁ፤ ሰዓቱንም ከጤና ባለሙያው ጋር ተስማሙ፤ በስውር መድኃኒቱን መዝለል ግን አይሁን። ስለ ጸበልም ቢሆን፣ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በፓትርያርክነት ዘመናቸው ጸበልና የኤችአይቪ መድኃኒት እንደማይቃረኑ በአደባባይ ተናግረው ነበርና፣ ጸበል የሚጠጣ የነቀርሳ ሕመምተኛም ኪኒኑን ጥሎ መሄድ አይገባውም።

አሁን ወደ ትልቁ አደጋ ደረስን። በሁለተኛው ወር መጨረሻ እናታችን ሳሉ ትቷታል፤ ክብደቷ ተመልሷል፤ መከር ደርሷል፤ ጤና ጣቢያው ሩቅ ነው። «ድኛለሁ» ትላለች። ድናለችን? አልዳነችም። ሳሉ የጠፋው አብዛኛው ተሕዋስ ስለሞተ ነው፤ የተኛው ገና አለ። በዚህ ጊዜ ብታቋርጥ በሽታው ሊመለስባት ይችላል፤ መድኃኒቱን እያነሣችና እየጣለች ብትቀጥል ደግሞ መድኃኒቱን የተላመደ ሆኖ ሊመለስ ይችላል። መድኃኒት የተላመደ ቲቢ የሚባለው ይህ ነው። ሕክምናው ይከብዳል፤ መድኃኒቶቹ ይለወጣሉ፤ ከእርሷ የሚይዘውም ሰው ገና ከመጀመሪያው የተላመደውን ነው የሚይዘው።

በአገራችን በመንግሥት ጤና ተቋሞች የቲቢ ምርመራና መድኃኒት ያለ ክፍያ እንደሚሰጥ የማያውቅ ካለ ይወቅ፤ ሆኖም የመንገዱ ገንዘብና የጠፋው የሥራ ቀን በነጻ አይደሉም፤ ቤተ ሰብና ጎረቤት ሊረዱ የሚችሉትም በዚህ በኩል ነው።

(አጭር ዜማ)

የመጨረሻዎቹን ቃላት እንይ። በሕክምናው መካከልና መጨረሻ፣ በሁለተኛው፣ በአምስተኛውና በስድስተኛው ወር፣ እናቲቱ እንደገና አክታ ትሰጣለች። ይህ የክትትል ምርመራ ይባላል። የሚደረገው በማይክሮስኮፕ ነው፤ ጂን ኤክስፐርት የሞተውንም ተሕዋስ የዘር ጽሕፈት አግኝቶ «አለ» ሊል ስለሚችል ለዚህ ሥራ አይመረጥም።

በስድስተኛው ወር አክታዋ ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ፣ በመዝገቡ ላይ «ዳነች» ተብሎ ይጻፋል። መድኃኒቱን ጨርሳ የመጨረሻውን አክታ ሳትሰጥ ከቀረች ግን የሚጻፈው «ሕክምናዋን አጠናቀቀች» የሚል ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም፤ ስለዚህ ኪኒኑ ሲያልቅ ወደ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት «የመጨረሻው አክታ ታይቶልኛልን?» ብላችሁ ጠይቁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ከዳነችም በኋላ በሳንባዋ ላይ ጠባሳ ሊቀር ይችላል፤ በራጅ በተነሣች ቁጥርም ይታያል። ለሥራ ወደ ዐረብ አገር፣ ወይም በዘመድ ጥሪ ወደ አሜሪካ ለመሄድ ስትነሣ የደረት ራጅ ትጠየቃለችና፣ ያ የቆየ ጠባሳ ጥያቄ ያስነሣል። የሕክምናውን ማጠናቀቂያ ወረቀትና የድሮውን የራጅ ፊልም ግን ይዛ ከቀረበች፣ መርማሪው ሐኪም አዲሱን ከአሮጌው ጋር አስተያይቶ ጥላው እንዳልተለወጠ ሊያይ ይችላል። ስለዚህ የራጁን ፊልም ሳታጥፉ በፖስታው ውስጥ ከጋብቻና ከልደት ወረቀታችሁ ጋር አኑሩት።

በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ሰዓት ስለ ስኳር ሕመም የደም ምርመራ እንነጋገራለን፤ በጾም ደም መስጠት ለምን እንደሚያስፈልግም እናያለን። 

(የመዝጊያ ዜማ)